ከምድር የወጣ ሁሉ ገቢ አይደለም

ርስቱን ሸጦ ዋጋውን የበላ ገበሬ በዚያ ዓመት ባለጠጋ ሊመስል ይችላል፤ በሚመጣው ክረምት ግን የሚያርሰው አያገኝም። ይህንኑ ሥራ መንግሥት ሲሠራው ስሕተቱ በቶሎ አይገለጥም። የአገር የሒሳብ መዝገብ ከማዕድን የተገኘውን ገንዘብ ሁሉ በገቢ በኩል ሲጽፍ፥ ከምድር ሆድ የጐደለውን በወጪ በኩል መጻፍ አልለመደምና።

በሰላማዊ ውቅያኖስ ያለችው የናውሩ ደሴት ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ለማዳበሪያ የሚሆነው የፎስፌት ድንጋይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1907 ጀምሮ ይቈፈርባት ነበር፤ በ1968 ነፃነቷን ካገኘች በኋላም ሕዝቧ በነፍስ ወከፍ ገቢ ከዓለም ባለጠጎች ጋራ ይቈጠር ነበር። ለመጪው ትውልድ የታሰበው ገንዘብ ግን በክፉ አስተዳደር ባከነ፤ ፎስፌቱም ባለቀ ጊዜ ከምድሯ የሚበዛው እጅ እህል የማያበቅል ድንጋይ ሆኖ ቀረ። በነዚያ ዓመታት ገቢዋን ብቻ ያየ ሰው ጥፋቷን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ግብፃዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሳላህ ኤል ሴራፊ በ1989 የጉዳቱን መለኪያ አሳይቷል። ማዕድኑ 10 ዓመት የሚቈይ፥ ወለዱም በመቶ 5 ቢሆን፥ ከየዓመቱ 100 ብር የተጣራ ትርፍ 61 ብር ያህሉ የጐደለው ሀብት ዋጋ ስለ ሆነ ሊቀመጥ ይገባል፤ እውነተኛው ገቢ 39 ብር ብቻ ነው። እንዲህ የተጠራቀመው ገንዘብ ማዕድኑ ካለቀ በኋላ በየዓመቱ 39 ብር ሲወልድ ይኖራል።

ይህ ነገር ለአገራችን የሩቅ ወሬ አይደለም። የአዶላ ምድር ወርቋን መስጠት ከጀመረች ብዙ ዘመን ነው፤ ወርቅም ዛሬ ወደ ውጭ አገር ከምንልከው ሀብት ከፊተኞቹ አንዱ ነው። ቡና የለቀመ ገበሬ በሚመጣው ዓመት ከዚያው ዛፍ ይለቅማል፤ ወርቅ የወጣበት ጕድጓድ ግን ሁለተኛ አይሞላም። ሁለቱን በአንድ ስም ገቢ ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው።

ዛሬ ለተቸገረ ሕዝብ ስለ ነገ ማሰብ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ማስቀመጥ ማለት ገንዘብን በሣጥን መቈለፍ ብቻ አይደለም፤ ወርቁ መስኖና ትምህርት ቤት የሆነ እንደ ሆነ ሀብቱ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። የሚጠፋው ለዕለት ወጪ የዋለው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ጉባኤ በ2025 የተቀበለው አዲሱ የሒሳብ ሥርዐት የማዕድንን መጕደል ከማምረቻ ወጪ ጋራ እንዲቈጠር ደንግጓል። እኛም በየዓመቱ ከተሸጠው ወርቅ ዋጋ አጠገብ፥ ምን ያህል ወጣ፥ ምን ያህል ቀረ፥ ከዋጋውስ ለቋሚ ሀብት የዋለው ምን ያህል ነው ተብሎ ይጻፍ ዘንድ ይገባል። ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን እህል ያከማቸ፥ የሚመጣውን ራብ ከሕልም ፍቺ ዐውቆ ነው፤ የማዕድን ማለቅ ግን ሕልም ፈቺ አያስፈልገውም።