በመቃብር ላይ የሚቆም ቤተ ሰብ

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ ግን ከእንጨት ስለ ተጠረበ ቤተ ሰብ፤ ይኸውም በኮንሶ በጀግና መቃብር ላይ ስለሚቆመው ዋካ ስለሚባለው ሐውልት ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን። ነገሩ የሥዕልና የቅርጽ አዋቂዎችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር እንዲታገሠን እንለምናለን፤ ጉዳዩ እስከ ገዛ እልፍኙ ድረስ ሊመጣበት ይችላልና።

ከነገሌ ቦረና ተነሥቶ በያቤሎ በኩል ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ ብዙ ቀን የሚያየው የከብት አርቢዎችን ቆላ ነው። ቦረኖች ውሃና ሣር ተከትለው ሲዘዋወሩ የኖሩ ሕዝብ ስለ ሆኑ፤ በግመል ጀርባ ላይ የማይጫን ዕቃ በቤታቸው አይበዛም። የእጅ ጥበባቸውን ለማየት የሚወድ ሰው ሴቶቹ የሚሠሩትን የወተት ዕቃ ይመልከት። ከሥርና ከቃጫ ተታትቶ፤ በጭስ ታጥኖ፤ ወተት ሳያፈስ የሚይዝ ጮጮ ነው። ይህን የሠራች እጅ ከጠራቢ እጅ ታንሳለች የሚል ቢኖር አንስማማም። ሆኖም የሰው መልክ ጠርቦ በመቃብር ላይ ማቆም የእነርሱ ልማድ አይደለም።

ወደ ኮንሶ ሲደርሱ ግን አገሩም ኑሮውም ይለወጣል። ኮንሶዎች በተራራ ጫፍ ላይ በድንጋይ ካብ የተከበበ ከተማ ሠርተው፤ ቁልቁለቱን በእርከን ደግፈው፤ ማሽላ እየዘሩ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። አባት በካበው እርከን ላይ ልጅ ያርሳል፤ የሞተውም ሰው ከመሬቱ አይርቅም።

ዋካ ለሁሉ ሰው አይቆምም። ጠላት ለገደለ፤ ወይም አንበሳና ነብር ለጣለ፤ በአገሩም ለተከበረ ሰው ነው። ጠራቢው ጠንካራ እንጨት መርጦ ጀግናውን በመካከል ያቆመዋል። በግንባሩ ላይ ከለቻ ይደረግለታል፤ ይህም የወንድነትና የክብር ምልክት ሲሆን በቦረና አባ ገዳዎችም ግንባር ላይ የሚታየው ነው። የሐውልቱ ዓይን ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት፤ ጥርሱም ከአጥንት የሚሠራበት ጊዜ አለ። ሚስቶቹ በአንገታቸው ጌጥ አድርገው በግራና በቀኝ ይቆማሉ። የገደላቸው ጠላቶች ያለ ከለቻ ይሠራሉ፤ የገደለውም አውሬ ከእግር በታች ይደረጋል። ፊደል የሌለበት ቢሆንም ማን ባል፤ ማን ሚስት፤ ማን ድል የተነሣ እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ተጽፎ እንደ ተቀመጠ ያህል ይነበባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ከነሐስ የተሠራ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በፈረስ ላይ ብቻቸውን ናቸው። የኮንሶ ጀግና ግን ብቻውን አይቆምም። ቤተ ሰቡ አጠገቡ ከሌለ የሐውልቱ ነገር ጎደሎ ነው። ፊቱም የሟቹን መልክ ለማስመሰል የሚደክም አይደለም፤ ሰውየውን የሚያሳውቁት በዙሪያው ያሉት ናቸው።

በጌዴኦ አገር፤ በዲላ አካባቢ፤ ቱቱ ፈላ በሚባለው ስፍራ ደግሞ ድንጋዩ ተጠርቦ ቆሟል። ከነዚህ ትክል ድንጋዮች አንዳንዶቹ የሰው ፊት የተቀረጸባቸው ናቸው። የጌዴኦ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም.፤ የኮንሶም በሰኔ 2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ድንጋይ ጠራቢውን አልፎ ይኖራል፤ እንጨት ግን ምስጥና ዝናብ ይበላዋል። ስለዚህ የዋካ ዕድሜ በሐውልቱ ጥንካሬ ሳይሆን አዲስ የሚጠርብ ሰው በመኖሩ ነው። ዛሬ ያ ሰው እየጠፋ ነው። ጀግንነት በግድያ የሚቆጠርበት ዘመን አለፈ፤ ያም በማለፉ አናዝንም፤ ብዙ ሰውም ሃይማኖቱን ለወጠ፤ ሐውልት የሚያዝዝም አነሰ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ተመልሰው ስለዚያ አገር መጽሐፍ እንደ ጻፉ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ጃፓኖችም እንደኛ እንጨት ጠራቢዎች ነበሩ። የአውሮፓን ጥበብ ለመማር በፈለጉ ጊዜ በፈረንጅ ቁጥር በ1876 ዓ.ም. ቪንቼንሶ ራጉዛ የሚባለውን ኢጣልያዊ ቀራፂ አስመጥተው የጭቃና የኖራ ቅርጽ አስተማሩ። በዚያ ዘመን የቡድሃን ምስል እየጠረቡ የሚኖሩት ሰዎች እንጀራቸውን አጡ። ታካሙራ ኮኡን የሚባለው ጠራቢ ግን ሙያውን አልተወም። በ1893 በአሜሪካ በቺካጎ በተደረገው ትርኢት ንስር ያመለጠውን ሽማግሌ ዝንጀሮ ከእንጨት ጠርቦ አሳየ። በቶኪዮም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ መንግሥት መምህር አደረገው። የዛሬዎቹ የጃፓን ቀራፂዎች በብረትም፤ በድንጋይም፤ በሌላም ነገር የልባቸውን ይሠራሉ፤ እንጨቱ ግን ከእጃቸው አልወጣም።

በኛም አገር አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቁመዋል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት ግቢ የተመረቀውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሐውልት የሠራው ኢትዮጵያዊው በቀለ መኰንን ነው። ቀድሞ ሐውልት ጠራቢ ከአውሮፓ እናስመጣ ነበርና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የኮንሶ ጠራቢ ሽማግሌ እንደ ኮኡን ከወጣቶች ፊት መጥረቢያውን ይዞ ቢቆም ደስታችን ይበዛ ነበር።

አሁን ወደ እልፍኙ እንመለስ። ከመቃብር የተነቀሉ ብዙ ዋካዎች ለባዕድ ሰውና ለዕቃ ሰብሳቢ ተሸጠዋል። ሌባው የሚያዋጣውን አንዱን ይነቅላል እንጂ ቡድኑን ሁሉ አይጭንም፤ ስለዚህ ባል ከሚስቶቹ ይለያል። በካራት ከተማ ሙዚየም ተሠርቶ የተረፉት ተሰብስበዋል። እዚያ ከምስጥም ከሌባም ይድናሉ፤ ነገር ግን ያለ መቃብር ናቸው። በኛ አስተያየት ስፍራው የታወቀ ዋካ በቤተ ሰቡ ፈቃድ ወደ መቃብሩ ቢመለስና ዘበኛ ቢደረግለት ይሻላል፤ ምንም እንኳ አንድ ቀን በዚያው መበስበሱ ባይቀርም። መበስበስ ከዱሮም የእንጨቱ ዕጣ ነበር። ሙዚየሙ መቃብሩ ላልታወቀ ይሁን።

ስለዚህ ነጋዴ አሮጌ የእንጨት ምስል ይዞ ለእልፍኝ ጌጥ ይሆናል ብሎ ወደ ቤት የመጣ እንደ ሆነ፤ የቤቱ እመቤት ዋጋውን ከመጠየቋ በፊት ከየትኛው መንደር እንደ መጣና አጠገቡ ማን ቆሞ እንደ ነበረ ትጠይቀው። ቅርስን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለው ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከልክሏልና፤ ነጋዴው የሚመልሰው ቢያጣ ጌታው ለቅርስ ባለሥልጣን ያስታውቅ። ምናልባትም በኮንሶ በአንድ መቃብር ላይ ሁለት ሚስቶች በመካከላቸው ባዶ ጉድጓድ ይዘው ቆመው ይሆናል።