«ግፊቴ ወረደ» ከማለትዎ በፊት

ሀዋሳ ፒያሳ ላይ በእግር ሲያልፉ የሰው ሚዛንና የደም ግፊት መለኪያ ይዘው መንገድ ዳር የተቀመጡ ወጣቶችን ሳያዩ አይቀሩም። በጥቂት ብር ክብደትዎንም ግፊትዎንም ያውቃሉ። ይህን አልቃወምም። ከፍተኛ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ስለሚቆይ መታመሙን በእንዲህ ያለ አጋጣሚ የሚያውቅ ሰው አለ። የሚያሳስበኝ በአንድ ቀን ቁጥር ደንግጠን፣ በሌላ ቀን ቁጥር ተጽናንተን መድኃኒታችንን ስናቆም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ አንድ ታካሚዬ እየሳቁ ገቡ። «ዶክተር፣ ኪኒኑን ላቆም ነው፤ ሽፈራው አድኖኛል» አሉኝ። ማስረጃቸው ወረቀት ላይ የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። ሽፈራው ከመጀመራቸው በፊት 168 በ100፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ 142 በ90። ወረፋው ረዥም ነበርና «ጋሼ፣ መድኃኒቱን ባይተዉ ይሻላል» ብዬ ብቻ ሸኘኋቸው። ከወራት በኋላ ቤተሰቦቻቸው ደግፈው አመጧቸው። ቀኝ እጃቸውና እግራቸው አልታዘዝ ብሏል፣ አንደበታቸውም ተሳስሯል። ስትሮክ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ያን ቀን ላስረዳቸው ሲገባኝ ያላስረዳኋቸውን ነው።

የደም ግፊት በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይወጣል፣ ይወርዳል። በፀሐይ በእግር መጥተው፣ ቡና ጠጥተው፣ ከለኪው ጋር እያወሩ፣ በጃኬት እጅጌ ላይ ቢለኩ አንድ ቁጥር ያገኛሉ። አርፈው፣ ዝም ብለው፣ በባዶ ክንድ ቢለኩ ሌላ። መናገር ብቻውን ቁጥሩን በአሥር ነጥብ ያህል ከፍ ሊያደርገው ይችላል። እንግዲህ የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ከሽፈራው ይሁን ከአለካኩ በምን ይለያል?

ሌላም አለ። ሰው አዲስ ነገር መሞከር የሚጀምረው ቁጥሩ እጅግ ከፍ ባለበት፣ በደነገጠበት ቀን ነው። ከእንዲህ ያለ ቀን በኋላ የሚመጣው ልኬት ምንም ባይወስዱ እንኳ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። በዚያ ላይ ታካሚዬ ከድንጋጤው ወዲህ ሲዘነጉት የነበረውን ኪኒን በየቀኑ መዋጥ ጀምረው ነበር። ምስጋናው ግን ለሽፈራው ሆነ።

ተመራማሪዎች ይህን ጥርጣሬ የሚፈትሹበት መንገድ አላቸው። «መድኃኒቱ ምንም አልሠራም» ከሚል መላምት ይነሣሉ። እንዲያ ከሆነ የእያንዳንዱ ሰው ግፊት መውጣትና መውረድ እንደ ሳንቲም ውርወራ፣ ዘውድ ወይስ ጎፈር፣ እኩል ዕድል ይኖረዋል። ከአሥር ሰዎች የሰባቱ ቢወርድ ያስደስታል፤ ነገር ግን አሥር ጊዜ በሚወረወር ሳንቲም ሰባትና ከዚያ በላይ ዘውድ የሚወጣበት ዕድል ከመቶ 17 ያህል ነው። የአሥሩም ቢወርድ ግን ያ በአጋጣሚ የሚሆነው ከሺህ አንድ ጊዜ ገደማ ነውና መላምቱን እንጥለዋለን። የአንድ ሰው አንድ መውረድ? እሱማ አንድ ውርወራ ነው።

የመውረዱን መጠንም የሚያስገባውን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1908 ያቀረበው በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ጎሴት ነው፤ «ስቱደንት» (ተማሪ) በሚል የብዕር ስም ነበር ያሳተመው። በምሳሌነት የተጠቀመው ሁለት የእንቅልፍ መድኃኒቶች የተሰጧቸውን አሥር ሕሙማን ነው። እያንዳንዱን ሰው ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር አነጻጸረ። በዘጠኙ ላይ ሁለተኛው መድኃኒት ከመጀመሪያው የበለጠ እንቅልፍ ሰጥቷል፣ በአንዱ ላይ እኩል ሆነዋል፤ አማካይ ልዩነቱም 1.58 ሰዓት ነበር። ስሌቱ የሚጠይቀው ይህ አማካይ ልዩነት ከሰው ሰው ካለው መለዋወጥ አንጻር ሲታይ ትልቅ ነው ወይ ብሎ ነው።

ያም ሆኖ ስሌቱ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ እንደማይመስል ይነግረናል እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም። ሁሉም በደነገጡበት ቀን ተለክተው ከሆነ ሁሉም ይወርዳሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን ያልወሰደ አቻ ቡድን ጎን ለጎን ያስፈልጋል። «ከመውሰዴ በፊትና በኋላ» የሚል ማስታወቂያ ሲሰሙ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። ስንት ሰው ነው? ከማን ጋር ነው የተነጻጸረው?

ሽፈራው በኮንሶና በጋሞ በየቀኑ የሚበላ ምግብ ነው። ቢበሉት አልከለክልዎትም፤ ለሐኪምዎ ግን ይንገሩ። የታዘዘልዎትን ኪኒን ግን አይተካም።

በቤትዎ መለኪያ ካለ እንዲህ ያድርጉ። ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ ይቅር፣ ሽንት ቤት ይሂዱ። ጀርባዎን ደግፈው፣ እግርዎን መሬት አስነክተው፣ ለአምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ባዶ ክንድዎ በልብዎ ትክክል ይደገፍ። ሁልጊዜ በአንድ ክንድ፣ ጠዋትና ማታ፣ በየደቂቃው ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ለሰባት ቀን ይለኩና ይጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሪዎቹን አማካይ ያውጡ። በቤት ልኬት አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ግፊት ነው የሚባለው። ሐኪምዎ ሕክምናውን ሲለውጥም ከለውጡ በፊት አንድ ሳምንት፣ ከለውጡ በኋላ አንድ ሳምንት እንዲሁ ይለኩ። ነገር ግን ቁጥሩ 180 በ120 ከደረሰ፣ ወይም የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአካል መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ከመጣ ሳምንት አይጠብቁ፣ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ታካሚዬ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ሲመጡ የልጃቸውን ያለቀ የትምህርት ቤት ደብተር ይዘው ነው፤ በጀርባው ገጾች ላይ ቁጥሮቹ ከነቀናቸው ተደርድረዋል። እኔም ወረፋው ቢረዝም ደብተሩን ሳላነብ አልሸኛቸውም። እርስዎም መድኃኒት ለማቆም ሲያስቡ ደብተርዎን ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ፤ አብራችሁ አንብባችሁ ወስኑ።