በግጥሙ ውስጥ ሰው አለ ወይ?

በወጣቶች የሥነ ጽሑፍ ምሽቶቻችን አንድ ዐይነት ግጥም በዝቷል። ገጣሚው አዲስ አበባን ጽዮን ይላታል፤ እንጦጦን ከሞሪያ ተራራ ያስተካክላል፤ እኛም በአንድ ድምፅ «አሜን!» እንላለን። ወገኖቼ፣ ይህን «አሜን» ልቃወም ነው የተነሣሁት። እቴጌ ጣይቱ ለከተማችን ስም ሲያወጡላት እንኳ «አበባ» አሉ እንጂ «መቅደስ» አላሉም።

«መዝሙረኞቹስ ጽዮንን አላወደሱምን?» የሚል ይኖራል። አወድሰዋል፤ እግዚአብሔር ራሱ ስሙን ሊያኖርባት መርጧታልና። ለአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ቃል ኪዳን የት ተጻፈ? ደግሞም ያችው የተመረጠች ከተማ በቅድስናዋ ስትመካ ምን እንደ ደረሰባት እናንብብ። ኤርምያስ በቤተ መቅደሱ በር ቆሞ፣ መጻተኛውን፣ ድሀ አደጉንና መበለቲቱን እየገፉ በሕንጻው የሚታመኑትን ገሠጸ (ኤር. 7)። አልሰሙትም። ኢየሩሳሌም በ586 ዓመተ ዓለም ገደማ በባቢሎን እጅ ወደቀች።

መዲናን መቀደስ የቆየ ፈተና ነው። ቁስጥንጥንያ እ.ኤ.አ. በ1453 ከወደቀች በኋላ ፊሎፌይ የተባለ የፕስኮቭ መነኩሴ ሞስኮን ሦስተኛይቱ ሮም አድርጎ ጻፈ። ከእርሱ አንድ ሺህ ዓመት ቀድሞ ግን ሌላ ብዕር ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ410 የአላሪክ ሠራዊት ሮምን ሲዘርፍ ብዙዎች ዓለም ያበቃ መሰላቸው። አውግስጢኖስ ሮምን እንደገና ለመቀደስ አልሞከረም፤ በ22 መጻሕፍት የተከፈለውን «የእግዚአብሔር ከተማ» ጽፎ፣ የእግዚአብሔር ከተማ ከየትኛውም ምድራዊ መዲና ጋር አንድ እንዳልሆነች አስረዳ።

ታዲያ ከተማን መውደድ ስሕተት ነውን? በፍጹም! የሰቆቃወ ኤርምያስ የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች በዕብራይስጥ ፊደል ተራ የተገጠሙ ናቸው። ገጣሚው ለከተማው ፊደል በፊደል አለቀሰላት፤ ኀጢአቷን ግን አልሸፈነላትም። ፍቅር ማለት ይህ ነው። ከተማውን የቀደሰ ገጣሚ ግን ሊገሥጻት አይችልም፤ መቅደስን ማን ይነቅፋል? እንባዋንም አያይም።

እግዚአብሔር ለነነዌ ሲራራ ቅጥሯንና ግንቧን አልቆጠረም። ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ቆጠረ፤ እንስሶቿንም ጨምሮ (ዮናስ 4፥11)። የእኛ ግጥም የሚቆጥረው ምንድን ነው? ፎቁን ነው ወይስ ከፎቁ ሥር የተኛውን በረንዳ አዳሪ? የመርካቶው ተሸካሚ፣ ሊስትሮው ልጅ፣ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራው እኅታችን የትኛው ስንኝ ላይ ናቸው?

ጌታችን መከራን የተቀበለው ከከተማዪቱ በር ውጭ ነው (ዕብ. 13፥12)። እርሱን የሚፈልግ ብዕርም እስከዚያ ድረስ መውጣት አለበት። በሚቀጥለው ምሽት «ጽዮን አዲስ አበባ» ሲባል ብትሰሙ፣ «አሜን» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በግጥሙ ውስጥ ሰው አለ ወይ?