አዲሱ ዲስክ ገብቷል፣ ኮምፒውተሩ ግን «የለም» ይላል

የዚህ ወር ወጋችን ቤታቸው ውስጥ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላላቸው ሁሉ ነው። ሲበራ እስኪከፈት ድረስ ቡና ተቆልቶ አቦሉ የሚደርስበትን ዓይነት ማለቴ ነው። ለዚህ ሕመም ሁሉም ሰው የሚያዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ «ሃርድ ዲስኩን አውጥተሽ ኤስኤስዲ አስገቢበት!» ይላሉ። ምክሩ ትክክል ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ አለ። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ የተጠየቀውን ፋይል ወዲያው ያቀርባል። ያ ያረጀ ላፕቶፕ በአንድ ጊዜ ወጣት ይሆናል።

ጣጣው የሚመጣው ዲስኩ ተገዝቶ፣ ብሎኑ ታስሮ፣ ላፕቶፑ ሲበራ ነው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ኮምፒውተሩ ከየትኛው ዲስክ እንዲነሳ የሚመረጥበት ዝርዝር ሲከፈትም የአዲሱ ዲስክ ስም የለበትም። ያኔ ሰው ሁለት ነገር ይጠረጥራል፤ ወይ ዲስኩ ፎርጅድ ነው፣ ወይ ላፕቶፑ ተበላሽቷል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አይደለም።

አክስቴ የሀበሻ ልብስ ያሰፋሉ። ላፕቶፓቸው ውስጥ የስምንት ዓመት የጥልፍ ፎቶ፣ የደንበኞች ልኬት፣ ማን ምን ያህል ቀሪ እንዳለበት የሚያሳይ ሒሳብ አለ። አሜሪካ ያለው ልጃቸው 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ በሰው ላከላቸውና አንድ ጥገና ቤት ወሰዱት። ከሁለት ቀን በኋላ ባለሙያው ደወለ፤ «ማዘር፣ ማዘርቦርዱ ይህን ዲስክ አይቀበልም። ላፕቶፑን ቢቀይሩት ይሻላል። አሮጌውን ዲስክ ፎርማት ላድርግና ልሽጥልዎት?» ደግነቱ አክስቴ ሳያማክሩ እሺ የሚሉ ሰው አይደሉም። «ልጄ፣ ይሄ ሰው ፎርማት ልበለው ይላል፤ ምን ማለቱ ነው?» ብለው ወደ እኔ ደወሉ። «እቴቴ፣ ምንም እንዳያስነኩት! ሁለቱንም ዲስክ ይዘውልኝ ይምጡ» አልኳቸው። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ የስምንት ዓመቱ ሥራ አብሮ ይጠፋ ነበር።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ከመሥሪያ ቤታችን የአይቲ ባለሙያ ጋር ላፕቶፑን ከፍተን ተቀመጥን። እሱ መጀመሪያ ያደረገው ካቻቢቴ ማንሳት አልነበረም፤ ባዮስ የሚባለውን የኮምፒውተሩን የውስጥ ማስተካከያ ገጽ መክፈት ነው። ላፕቶፑ እንደበራ ወዲያው በዴል ኤፍ 2ን፣ በኤችፒ ኤፍ 10ን፣ በብዙ ሌኖቮዎች ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2ን ደጋግሞ መጫን ነው። እዚያ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች አሉ፤ ሰው የሚምታታበትም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው የተገጠሙ ዕቃዎች የሚታዩበት ሲሆን የዲስኩ ስምና መጠን ይጻፍበታል። ሁለተኛው የማስነሻ ዝርዝሩ ነው። ይህኛው በአሁኖቹ ኮምፒውተሮች ላይ የዕቃ ዝርዝር አይደለም፤ ኮምፒውተሩን ማስነሳት የሚችሉ ፕሮግራሞች ዝርዝር ነው። ስለዚህ ከካርቶኑ የወጣ ባዶ ዲስክ እዚያ ባይኖር ምንም አይገርምም። አዲስ ቤት ገዝታችሁ፣ ማንም ሳይገባበት ደጁን ብታንኳኩ የሚከፍት የለም፤ ቤቱ ግን አለ።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ዊንዶውስ በሚገባ ከተጫነ በኋላም በዝርዝሩ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው የዲስኩ ፋብሪካ ስም ሳይሆን «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» የሚል ነው። ስንቱ ሰው የሳምሰንግን ወይም የኪንግስተንን ስም ሲፈልግ ዓይኑ ሥር ያለውን አልፎት ይሄዳል!

የአክስቴ ዲስክ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ስሙም መጠኑም ተጽፎ ተገኘ። ማዘርቦርዱ አይቀበልም የተባለው እዚያው ላይ ውድቅ ሆነ። ታዲያ ምን ጎደለ? ጥገና ቤቱ ከአሮጌው ዲስክ የቀዳው ሲ የሚባለውን ክፍል ብቻ ነበር። ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ ግን ከሲ ሌላ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ክፍሎች አሉት። ከነሱ አንዱ ኢኤፍአይ የሚባለው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ100 ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም፣ የማስነሻው ፕሮግራም የሚቀመጠው ግን እሱ ውስጥ ነው። እሱ ካልተቀዳ ፎቶው ሁሉ፣ ዊንዶውሱም ራሱ አዲሱ ዲስክ ላይ ቢኖር ኮምፒውተሩ የት እንደሚጀምር አያውቅም። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ አሮጌው ዲስክ አብሮ ሲሰካ ላፕቶፑ ይነሳል፣ ሲነቀል አይነሳም።

ስለዚህ እንደገና ቀዳነው፤ በዚህኛው ዙር ሙሉውን ዲስክ፣ ከነትንንሽ ክፍሎቹ። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ፣ ባትሪውም ሙሉ መሆኑን አይተን ነው የጀመርነው፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለማ። ሲጨርስ አጠፋነው፣ አሮጌውን ዲስክ ነቀልነው፣ አዲሱን ብቻ ትተን አበራነው። ተነሳ። የመጀመሪያውን ጊዜ አሮጌውን ነቅሎ ማስነሳት ይሻላል፤ ሁለቱ መንትያ ዲስኮች አብረው ካሉ ኮምፒውተሩ በየትኛው እንደተነሳ መለየት ያስቸግራል።

በነገራችን ላይ አክስቴ «500 ብሎ ልኮልኝ 465 ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ልጄን አታለሉት» ብለው ተቆጥተው ነበር። አላታለሉትም። ፋብሪካው ጊጋባይትን በ1000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024። ዲስኩ ያው ነው፤ የተለያየው መስፈሪያው ነው።

አሁን ደግሞ ባዮሱ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ጭራሽ ዲስኩን ካላየው ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼን ትንሽ ልውቀስ። ውሎዬ ማርኬቲንግ ነውና የዕቃ ካርቶን ሳይ ምን በትልቁ፣ ምን በትንሹ እንደተጻፈ ሳላይ አላልፍም። የኤስኤስዲ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፍጥነቱ ነው፤ «እስከ 3500 ሜጋባይት በሰከንድ» ይላል። «እስከ» የምትለዋን ቃል እኛ ማርኬቲንግ ያለነው ሰዎች በጣም እንወዳታለን። ገዢው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ግን ዲስኩ ለእሱ ኮምፒውተር ይሆን እንደሆነ ነው፤ ያ ደግሞ ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል ነው ያለው።

እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ኤም ዶት ቱ የሚባለው ኤስኤስዲ መልኩ አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ። አንዳንድ ላፕቶፕ ሁለቱንም ይቀበላል፣ አንዳንዱ አንዱን ብቻ። ብዙ ጊዜ የሳታው መሰኪያ ጥርስ ላይ ሁለት ክፍተት፣ የኤንቪኤምኢው ላይ አንድ ክፍተት አለ፤ ነገር ግን ጥርሱ ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። 2280 የሚለው ቁጥር ደግሞ ልኬት ነው፤ ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እና 2013 አካባቢ የተሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ከኤንቪኤምኢ መነሳት አይችሉም፤ ለነሱ የሚሻለው እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ ያለ ባለ ሁለት ተኩል ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የላፕቶፑን ሙሉ የሞዴል ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለሻጩ አሳዩት፤ ዝም ብሎ «ይሆናል» ካለ ወደ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ዓይነቱ ትክክል ከሆነና አሁንም ካልታየ፣ አጥፍታችሁ ነቅላችሁ እንደገና እስከ ውስጥ ድረስ ሰክታችሁ ጫፉን በብሎኗ እሰሩት። ብሎኗ ካልታሰረች ዲስኩ ቀና እያለ ይላቀቃል።

ዊንዶውስን ከመቅዳት ይልቅ በፍላሽ እንደ አዲስ ለሚጭኑ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኮምፒውተር የሚነሳበት ሁለት ሥርዓት አለ፤ የድሮው ሌጋሲ፣ አዲሱ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ለዊንዶውስ፣ ዩኢኤፍአይ ጂፒቲ በሚባል አከፋፈል የተዘጋጀ ዲስክ ይፈልጋል፤ ሌጋሲ ኤምቢአር የሚባለውን። ፍላሹ በአንዱ ተዘጋጅቶ ኮምፒውተሩ በሌላው ከተቀመጠ ፍላሹ ላይነሳ ወይም ዊንዶውስ ዲስኩ ላይ አልጫንም ሊል ይችላል። ዊንዶውስ 11 ዩኢኤፍአይን ስለሚጠይቅ ሁሉንም በእሱ ማድረግ ነው የሚያዋጣው። 11ኛ ትውልድ እና ከዚያ ወዲህ የሆነ ኢንቴል ባላቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ዲስኩ ባዮስ ላይ እየታየ የዊንዶውስ መጫኛው «ዲስክ የለም» ይላል። መፍትሔው ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ የኢንቴልን የስቶሬጅ ድራይቨር አውርዶ በፍላሽ ማቅረብ ነው። ቪኤምዲ የሚለውን ማስተካከያ ዝም ብሎ መዝጋት የሚመክሩ አሉ፤ ባዶ ዲስክ ላይ ምንም አይደለም፣ ዊንዶውስ የተጫነበት ላይ ግን ጭራሽ እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል።

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። ላፕቶፑ ቢትሎከር በሚባለው ቁልፍ ተቆልፎ እንደሆነ እዩ። ከሆነ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር አለው፤ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ይገኛል። እሱን ወረቀት ላይ ሳትጽፉ ባዮስ ከቀየራችሁ የራሳችሁ ፋይል በራሳችሁ ላይ ሊዘጋባችሁ ይችላል።

አሮጌውን ዲስክ ቢያንስ አንድ ወር አትንኩት። አዲሱ በትክክል እየሠራ፣ ፎቶውም ሰነዱም አንድ በአንድ ተከፍቶ ከታየ በኋላ በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ቢገባ ጥሩ መጠባበቂያ ይሆናል። የአክስቴ ዲስክ አሁን የጥለት ክር በሚያስቀምጡበት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ላዩ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ «አይነካም» ተብሎ ተጽፎበታል። መሸጥ የግድ ከሆነ ደግሞ ፈጣኑ ፎርማት ፋይሉን ከዝርዝር እንጂ ከዲስኩ እንደማያጠፋ እወቁ፤ ከመስጠታችሁ በፊት ዲስኩን ሙሉ በሙሉ በሚያጸዳ ፕሮግራም አስጠርጉት።