ያየነውና ያልሰማነው

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጃችን ለራት ጠርተውን ከቤተ ሰባቸው ጋራ የቻይናዎችን የሰይፍ ፊልም ተመለከትን። አንዲት ወጣት ከጣራ ወደ ጣራ እንደ ወፍ ስትበር ልጆቹ በሣቅ ተንከተከቱ፤ አባትየውም «ምነው፣ ቻይናዎች ሰው ክንፍ ያለው ይመስላቸዋልን?» ሲሉ ጠየቁን። በዚያ ምሽት መልሱን አጥርተን ለመናገር ጊዜ ስላላገኘን፣ በዛሬው ጽሑፋችን ልናቀርበው ወደድን።

ፊልሙ «ያደፈጠ ነብር፣ የተሸሸገ ዘንዶ» የተባለው ነው። በታይዋን ተወልዶ ያደገው አንግ ሊ አዘጋጅቶት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2000 ዓመተ ምሕረት ታየ። በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪካ 4 የኦስካር ሽልማቶችን ተቀበለ፤ ከነዚህም አንዱ በውጭ አገር ቋንቋ ለተሠራ ፊልም የሚሰጠው ነው። በዚያው አገር ከ120 ሚሊዮን ዶላር የበለጠ ገቢ አስገኘ፤ ከዚያ በፊት በእንግሊዝኛ ያልተነገረ ፊልም በአሜሪካ ይህን ያህል ገንዘብ አግኝቶ አያውቅም ነበር። በቻይና ግን አቀባበሉ ቀዝቀዝ ያለ ነበረ። ባዕድ ያደነቀውን ባለቤቶቹ ያን ያህል ያላደነቁበት ምክንያት ምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ልማድ ነው። ቻይናዎች እንዲህ ያለውን ታሪክ «ዉሺያ» ይሉታል፤ «ዉ» የጦር ጥበብ፣ «ሺያ» ደግሞ ለተበደለ የሚቆም ጀግና ማለት ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን እንዲህ ስላሉት ሰዎች የጻፈው ከ2000 ዓመታት በፊት ነው። በልብ ወለድ መጻሕፍቱ ውስጥ ጀግናው ትንፋሹን በመግዛትና ሰውነቱን በማሠልጠን እንደ ላባ ይቀላል። ስለዚህ ቻይናዊው ተመልካች ሰው ሲበር ቢያይ፣ እኛ በተረታችን ጦጣና ጅብ ሲነጋገሩ እንደምንሰማው ሁሉ፣ «እውነት ነውን?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ይህ ሰው የመምህሩን አደራ ጠበቀን? ቃሉን አከበረን?» በማለት ነው። ለባዕዱ ብርቅ የሆነው በረራ ለእርሱ የለመደው ነገር ነው፤ እንዲያውም ጠቡ ዘገየ፣ ንግግሩም በዛ ብለው ያማረሩ ነበሩ።

ሁለተኛው ምክንያት ቋንቋ ነው። ከዋናዎቹ ተዋንያን መካከል ቾው ዩን ፋት የሆንግ ኮንግ፣ ሚሼል ዮህ የማሌዥያ ተወላጆች ናቸው። ፊልሙ የተነገረበት ማንዳሪን የአፍ መፍቻቸው አይደለም፤ ሚሼል ዮህማ የምትናገረውን በድምፁ ብቻ አጥንታ ነበር። ስለዚህ የጥንት ጀግኖች በእንግዳ ቅላፄ ሲናገሩ መስማት የቻይናዎቹን ጆሮ ጐረበጠው። ከሥዕሉ ሥር የተጻፈውን ትርጕም የሚያነበውን አሜሪካዊ ግን ምንም አልጐረበጠውም፤ ጽሕፈት ቅላፄ የለውምና።

ሦስተኛው ከዚህም የጠለቀ ነው። ዣንግ ዪሙ በ2002 «ጀግና» የተባለውን ፊልም አቀረበ። በታሪኩ ውስጥ የቺንን ንጉሥ ሊገድል የመጣ ሰይፈኛ፣ አገሩ በአንድ ንጉሥ ሥር ቢውል ጦርነት ያበቃል በሚል አሳብ እጁን ይመልሳል። የአሳቡ መሠረት «ቲየንሺያ» የሚባል ቃል ነው፤ ፍችውም «ከሰማይ በታች ያለ ሁሉ» ነው። ፊልሙ በ2004 በአሜሪካ ሲታይ ግን ቃሉ «አገራችን» ተብሎ ተተረጐመ። ከሰማይ በታች ያለውን ሁሉ ልግዛ ማለትና አገሬን ልውደድ ማለት አንድ አይደሉም። ብዙ የውጭ አገር ተመልካች የልብሱን ቀለምና የሰይፉን ውበት ሲያደንቅ፣ ከቻይናዎቹ ብዙዎች «ጨካኝ ንጉሥ ስለ አንድነት ሲባል ይቅር ሊባል ይገባዋልን?» እያሉ ይከራከሩ ነበር።

እንዲህ ስንል የባዕድ ዓይን ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። ልማድ የሸፈነውን ውበት ብዙ ጊዜ ገልጦ የሚያየው እንግዳ ነው። ሆኖም ያየውን ሁሉ የሰማ መስሎት እንዳይሳሳት ያስፈልጋል።

ይህ ነገር አማርኛ በመማር ላይ ላላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ከሲኒማ ቤት ያለፈ ትርጕም አለው። አንድ ሽማግሌ ከሩቅ አገር መጥቶ በጽሕፈት ቤታችሁ ፊት ይቆማል፤ ውሳኔው ሲነገረው «ይሁን፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ይወጣል። ሰውየው ተስማማን ወይስ ተበድሎ ሄደ? ቃሉን አስተርጓሚ ያደርስልን ይሆናል፤ በቃሉ ውስጥ ያለውን ሐዘን ግን የሚያደርስልን የገዛ ጆሯችን ብቻ ነው። ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሹም ወርቁን ከነባለቤቱ ያሰናብታል። ስለዚህ ቃል በማጥናት ብቻ ሳትወሰኑ፣ ቃሉ የተነገረበትን ድምፅ አድምጡ፤ ያልገባችሁንም ደግማችሁ ጠይቁ።

ለወዳጃችንም መልሳችን ይኸው ነው። ቻይናዎች ሰው ክንፍ ያለው አይመስላቸውም፤ ከክንፉ ይልቅ የሚመለከቱት ሌላ ነገር አላቸው። ልጆቹ ይሣቁ፤ ሣቅ ነውር የለበትም። ሣቁ ሲበርድ ግን «ባለቤቶቹ ይህን ሲያዩ ምን ያያሉ?» ብለው እንዲጠይቁ እናስተምራቸው።