ወፍራም ቦቲ ብቻውን እግር አያሞቅም

ክረምት ሲገባ በጎጃም ሉማሜ ገበያ ላይ ቦቲ የሚገዛ ሰው ጎማውን ጫን ጫን አድርጎ ውፍረቱን ይፈትሻል፤ እግሩን አስገብቶ ልክክ ካለለት ይከፍላል። በእኔ እምነት ይህ አመራረጥ ለብርድ አይበጅም። ሙቀቱን የሚያመነጨው እግሩ ራሱ ነው፤ ጫማ ቢበዛ እንዳያመልጥ ያግደዋል፤ የሚያግደውም በካልሲውና በጫማው መሀል ባለው አየር ነው። የጠበበ ቦቲ አየሩን ያሳጣል፣ የደም ዝውውሩንም ያውካል። ጎማ ደግሞ ዝናብ እንደማያስገባ ሁሉ ላብ አያስወጣም፤ ውኃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ስለሚወስድ፣ የራሰ ካልሲ የትኛውም ውፍረት ባለው ጎማ ውስጥ ቢሆን እግርን ያቀዘቅዛል።

ለዚህ የኮሪያ ጦርነት ጥሩ ምስክር ነው። የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ከመድረሱ ጥቂት ወራት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1950 መገባደጃ፣ ቾሲን በተባለው ሐይቅ አካባቢ የተዋጉ የአሜሪካ ወታደሮች ታቹ ጎማ፣ ላዩ ቆዳ የሆነ የብርድ ጫማ ነበራቸው። በጉዞ የሚወጣው የእግራቸው ላብ ቆም ሲሉ ጫማው ውስጥ በረዶ ይሠራ ነበር፤ ብዙዎች ጣታቸውን ያጡት ጫማ ሳያጡ ነው።

ሉማሜ ኮሪያ አይደለችም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን እግር ለመጎዳት በረዶ አይጠብቅም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የወታደሩን እግር ያበሰበሰው ከዜሮ በላይ የሆነ እርጥብ ብርድ ነበር፤ የጮቄ ተራራ ግርጌ ገበሬ ሐምሌና ነሐሴን ጭቃ ውስጥ የሚውለውም በዚሁ ዓይነት ብርድ ነው። «እንግዲያው ባዶ እግር ይሻላል» የሚለው ክርክር ግን ጨርሶ አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት 3.3 በመቶ ያህሉ ከቀይ አፈር ጋር የተያያዘው የእግር እብጠት እንዳለባቸው አሳይቷል። በሽታውን የሚከላከለው ጫማና መታጠብ ነው። ስለዚህ ቦቲውን መጣል ሳይሆን አያያዙን ማወቅ ይሻላል።

ወጪው ይከብዳል የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ የገበሬው ኪስ ይታወቃል። ቢሆንም ሰፋ ያለ ቁጥር መምረጥ ገንዘብ አይጨምርም፤ የሚያስወጣው ሁለተኛ ካልሲ ነው፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እንዲለበስ። ጥጥ ሲርስ ሙቀት አይዝም፤ የበግ ጠጉር ግን ረጥቦም ቢሆን ይሻላል፤ በግ ለሚያረባ ደጋ ደግሞ ይህ ሩቅ ዕቃ አይደለም። ማታ የቦቲው ንጣፍ ወጥቶ ለብቻው ይሰጣ፤ ቦቲውም አፉ ተከፍቶ ይደር፣ ከምድጃ ግን ይራቅ፤ ጎማ እሳት ዳር ሲውል ሲያድር ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀውም ጠዋት ጭቃ ያስገባል።