ሼርሎክ ሆልምስ ሌባ ሻይ ሲሆን

ጥር 23 ቀን ለአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ውዬ ለማደር አዲስ ቅዳም እህቴ ቤት ገባሁ። ቡና ሲፈላ አስረኛ ክፍል የሆነው ልጇ ከስልኩ ቀና አላለም። ምን እያነበበ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ሼርሎክ ሆልምስን። ግን ይሄኛው ከአጋንንት ጋር ነው የሚዋጋው፣ አክስቴ።»

እኔና እህቴ ተያየን። እኛ የምናውቀው ሆልምስ ከጫማ ላይ ጭቃ ተነስቶ ሰውየው የት እንደዋለ የሚናገረውን ነው። ልጁ የያዘው ግን እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭግሮቭ እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረውን ተከታታይ ልብ ወለድ ነው። እዚያ ውስጥ ዶክተር ዋትሰን የቀድሞ ታሪኮቹ እውነቱን መሸፈኛ እንደነበሩ ይናዘዛል። ከወንጀሎቹ ጀርባ ያሉት ጥንታዊ ክፉ አማልክት ናቸው።

እህቴ አልወደደችውም። አስተማሪ ናት። «መንፈስ ከገባበት ማስረጃ ምን ይሠራል? ደራሲው መውጫ ሲያጣ ሰይጣን ይጠራል» አለች። በዚህ ብቻዋን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1929 ሮናልድ ኖክስ ለመርማሪ ልብ ወለድ አሥር ሕጎች ሲያወጣ፣ ሁለተኛው ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል እንዳይገባ ይከለክላል። ሰውየው ራሱ የካቶሊክ ቄስ ነበር።

ልጁም መልስ አላጣም። «ሆልምስን የፈጠረው ኮናን ዶይል ራሱ በመናፍስት ያምን አልነበር?» እውነቱን ነው። ዶይል እ.ኤ.አ. በ1922 ሁለት ልጃገረዶች ያነሷቸው የተረት ፍጡራን ፎቶዎች እውነተኛ ናቸው ብሎ መጽሐፍ ጽፏል። ሆልምስን ግን እንደራሱ አላደረገውም።

ይህን ጊዜ ስናወራ ስትሰማ የቆየችው እናታችን ገባችበት። «ይሄማ ሌባ ሻይ ነው» አለች። ከአባቷ የሰማችውን ነገረችን። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡታል፤ ወገቡን በመቀነት ታስሮ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ የጠፋውንም ይከፍላል። በኋላ በመንግሥት ታገደ። «ስንቱ ንጹሕ ከፍሏል!» አለች እናቴ።

እኔ ዝም አልኩ። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ የወርቅ ቀለበቴ ጠፋ። አንዲት ጎረቤቴ ወደ አንድ «አዋቂ» ወሰደችኝ። «ከቤትሽ እንጀራ የምትበላ እጅ ናት» አለኝ። ልጆቼን ያሳደገችልኝን ሠራተኛዬን ዓይኗን እያየሁ ጠየቅኳት። አልመለሰችልኝም፤ በማግሥቱ ልብሷን ጠቅልላ ሄደች። ጳጉሜን ላይ ቤት ሳጸዳ ቀለበቱን በርበሬ ማስቀመጫው ውስጥ አገኘሁት። ስሰፍር አውልቄ የጣልኩት እኔው ነኝ። ስደውልላት ስልኳ አይሠራም። እስከ ዛሬም አላገኘኋትም።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ መጽሐፉን ተው አላልኩትም። በልብ ወለድ ውስጥ ያለ አጋንንት ማንንም ከቤት አላስወጣም። ግን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1924 የጻፈውን የሱሴክስ ደም መጣጭ ታሪክ አስከትሎ እንዲያነብ ነገርኩት። አንዲት እናት ሕፃን ልጇ አንገት ላይ ጎንበስ ብላ አፏ በደም ተነክሮ ትገኛለች። ቤተሰቡ ሁሉ ደም መጣጭ አደረጋት። ሆልምስ መንፈስ የሚባለውን ገና ከጅምሩ ወደ ጎን ትቶ ቤቱን ያያል፣ የቤቱን ውሻ ያያል፣ ሰዎቹን ያያል። ለካስ የባሏ ትልቁ ልጅ በቅናት ሕፃኑን በተመረዘ ቀስት ወግቶታል፤ እናትየዋ መርዙን እየመጠጠች ልጇን ታድን ነበር።

ጠዋት ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሚኒባስ ስጠብቅ ልጁ ቦርሳዬን ይዞ ሸኘኝ። ሌሊቱን አንብቦ ጨርሶታል።

«አክስቴ፣ ሴትየዋ ግን እውነቱን እያወቀች ለምን ዝም አለች?»

ባሏ የሚወደውን ልጅ ክፋት ነግራ ልቡን ላለመስበር እንደሆነ ነገርኩት። ሚኒባሱ ከተነሳ በኋላ ግን የማስበው ስለ ሌላዋ ነበር። እሷም ዝም ነበር ያለችው፤ እኔም ዝምታዋን ማስረጃ አድርጌ ቆጠርኩባት።